የመንደሩ ጆሮ

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። በዚያ መንደር ግን በገል መብላት ቀርቶ ገል ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ነውር ነበር። ከእሳት ስትወጣ ተሰንጥቃ የተገኘች ሸክላ በሠሪዋ እጅ፣ ሰው እያየ ትሰበራለች፤ ስብርባሪዋም መንገድ ላይ ይደፋል። ስለዚህ የመንደሩ መንገዶች በሙሉ ቀይና ጥቁር ገል የተነጠፈባቸው ናቸው። ጫማ ይበላሉ። በዝናብ ጊዜ ግን ጭቃ የላቸውም፤ ሰው የአያቶቹን ስህተት እየረገጠ እግሩ ሳይቆሽሽ ቤቱ ይገባል።

የትኛዋ እንደምትሰበር የሚወስነው አንድ ሰው ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «አባ ጆሮ» ይለዋል። እቶኑ በተከፈተ ማግስት ጠዋት ከቤቱ ደጃፍ ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሸክላ ሠሪዎቹ ማሰሯቸውን፣ ገንቧቸውን፣ ድስታቸውን ታቅፈው ይሰለፋሉ። እህቱ እያንዳንዷን ሸክላ በአፏ በኩል አንጠልጥላ ትይዝለታለች፤ እሱ በመሐል ጣቱ አንጓ አንዴ መታ ያደርጋትና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ደህናዋ ቅን ብላ ድምጿ ይረዝማል። የታመመችው፣ ስንጥቋ በዓይን ባይታይም፣ ጠፍ ትልና እዚያው ታልቃለች። ከዚያ አባ ጆሮ «ደህና ናት» ወይም «ታማለች» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ይግባኝም የለም።

«እናንተስ ጆሮ የላችሁም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም። አላቸው። የሰው ሸክላ ሲሆን ሁሉም ጥርት አድርጎ ይሰማል። የራስ ሲሆን ግን ጆሮ ያዳላል። አፈሩን ፈጭታ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ ቅርጹን አውጥታ፣ በጠጠር ያለሰለሰቻትን ገንቦ «ታማለች» ለማለት አንደበቷ የሚታዘዝላት ሴት የለችም። በርጩማዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው የራሱን ሸክላ መሥራት የሚተወውም ለዚህ ነው። አባ ጆሮ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጭቃ ሲተው እጁ ሁለት ወር ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከረመ ይባላል፤ ይህን የምታወራው «ሬዲዮ» የተባለችው ጎረቤት ስለሆነች ግማሹን መቀነስ ነው። ሬዲዮ ማንም ሳይከፍታት የምትከፈት፣ ከተከፈተች ደግሞ ማንም የማይዘጋት ሴት ናት።

ሠዓሊዋ የአባ ጆሮ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች፤ ያሳደጓት አባቷና አክስቷ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሥዕል ልትማር ወደ ከተማ ስትሄድ አባቷ እስከ መኪናው ድረስ ሸኝቷት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ «ጆሮዬንስ ለማን ልስጥ?» ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር። አሁን በሥዕል የተሞሉ የልጆች ተረቶችና የስልክ ጨዋታዎች በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። የመንደሯን ኑሮ ወደ ተረት መጽሐፍና ወደ ጨዋታ እንቀይረው የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ናት። ለአለቃዋ ስታስረዳ የዘመኑ ልጆች የእጅ ሥራ አያውቁም፣ ምናምን ብላ ብዙ ደረደረች። እውነቱ ግን ከአባቷ ጋር መታረቅ ፈልጋ ነው።

አልተጣሉም። ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ስትደውል አባቷ ስልኩን አይቀበልም። «አንቺ አውሪያት» ሲል ከኋላ ይሰማታል፤ አክስቷም «ደህና ነው የኔ ልጅ፣ ሥራ ይዞ ነው» ትላለች። በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ምን ሥራ ይይዘዋል? ቂም ነው ብላ ደመደመች። ጥላው ስለሄደች ነው። እናም መጽሐፉን ስታስበው ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ እሱን ነበር የምታየው፤ ያ በርጩማ፣ ያ ዘንበል ያለ ራስ። ይህን ሲያይ ሆዱ ይራራል አለች።

ሻንጣዋን ይዛ የገባች ቀን አባቷ ጉንጮቿን በሁለት መዳፉ ይዞ አገላብጦ አያት። «ከስተሻል» አለ። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጥቂት ነው። ፊት ለፊት ስታወራው ይመልሳል፤ ዕቃ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታ ስታወራው ግን ዝም። ይህንንም በቂሙ ሒሳብ ላይ ደመረችው።

ሁለት ሳምንት ሳለች። ያላየችው፣ ያልሳለችው የለም። የአፈር መቆፈሪያውን ጉድጓድ፣ ጭቃ የሚረግጡትን እግሮች፣ ከግድግዳ ጥግ በጥላ የሚደርቁትን ድስቶች፣ የአክስቷን የተላጠ ክርን። ጥላ ውስጥ ማድረቅ ግድ ነው፤ ፀሐይ ያያት ሸክላ እሳት ውስጥ ትሰነጠቃለች፤ ይህ በጨዋታው ውስጥ ራሱን የቻለ ደረጃ ሆነ። አንድ የዳኝነት ጠዋት ደግሞ ከአክስቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሸክላ የያዙ እጆቿን አሥራ ሁለት ጊዜ ሳለችና ከእያንዳንዱ ሥር አባቷ የተናገረውን ጻፈች፦ «ደህና ናት»፣ «ታማለች»። አክስቷን አላስችል አላት።

«ፊት እያለልሽ እጅ ትስያለሽ? ያውም ይሄን የተሰነጣጠቀ እጅ!»

«እጅሽ ነው የሚያምረው እትዬ።»

«ተዪው ልጄ፣ ተዪው» አለችና ሳል ያዛት። ሳሏ የቆየ ነው፤ የእቶን ጭስ ያበቀለው።

የጨዋታው የመጨረሻ ደረጃ «ጆሮ» ይባላል። ተጫዋቹ ልጅ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሸክላ በጣቱ መታ ያደርጋል፣ ድምጿን ይሰማል፣ ከዚያ ደህና ከሆነች አረንጓዴውን፣ ከታመመች ቀዩን ቁልፍ ይጫናል። እውነተኛውን መልስ የሚናገረው የአባ ጆሮ የራሱ ድምፅ ነው። ለዚህ ሠዓሊዋ ከየቤቱ ሃያ አራት ሸክላዎች ለምና ሰበሰበች፤ ደህናም የታመመም ስጡኝ አለች፣ ሰጧት። የትኛዋ ምን እንደሆነች አልጠየቀችም። አባ ጆሮ እያለ ማን ይጠየቃል?

ድምፅ የሚቀዳው በዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነች፣ ዶሮዎቹን አባረረች፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ የምታንጠለጥልበት ገመድ ከጣሪያው አወረደች። አክስቷ ልትገባ ስትል በሩ ላይ አቆመቻት።

«እትዬ፣ ሳልሽ ይገባበታል።»

«አልስልም። አፌን እይዛለሁ።»

«ትንፋሽሽ ራሱ ይሰማል እኮ። ገመዱ ይይዛቸዋል፣ አትልፊ።»

«እኔ ካልያዝኩማ አይሆንም! ሠላሳ ዓመት እኔ ነኝ የያዝኩለት!» አክስቷ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ወንድሟን አየችው። «ጋሼ፣ ንገራት።»

አባ ጆሮ እህቱን አየ፣ ልጁን አየ። ልጁ በደስታ ፊቷ በርቷል። «ተዪ» አለ እህቱን። «ከልጄ ጋር ነኝ።»

በሩ ተዘጋ። ሃያ አራቱንም መታ። በእያንዳንዷ ላይ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፣ ከዚያ ዓይኑን ቀና አድርጎ የልጁን ፊት ያያል፣ ቆይቶ ይፈርዳል። እንዲህ ትኩር ብሎ አይቷት አያውቅም። ሠዓሊዋ ልቧ ሞላ። ይኸው ታረቅን አለች በሆዷ፤ ፈገግ አለችለት፤ እሱም «ደህና ናት» አለ። የሚቀጥለውም ላይ ፈገግ አለች፤ «ደህና ናት»። መቅጃ ማሽኗን ለማየት አጎንብሳ ግንባሯን ስትቋጥር «ታማለች» አለ። ሲያልቅ አሥራ ዘጠኙ ደህና፣ አምስቱ የታመሙ ሆኑ። ዘንድሮ እሳቱ ቀንቷቸዋል ብላ ጻፈች። በዚያ ክፍል ውስጥ ሸክላዎቹን የሰማቸው ሰው አልነበረም፤ እሷም የሰማችው አባቷን ነው።

የሙከራው ቅጂ ከከተማ በአሥር ቀኑ ተላከላት። ጭቃ መርገጡን፣ ማድረቁን፣ እሳቱን ተጫውታ አየችው፤ ደስ ይላል። የመጨረሻውን ደረጃ ግን ከሰው ጋር አብሬ ልየው ብላ ተወችው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሸክላ ማከማቻው አዳራሽ ነጭ አንሶላ ሰቅላ፣ ፕሮጀክተር ተውሳ፣ መንደሩን ሁሉ ጠራች። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ በአግዳሚ ወንበር፣ አባ ጆሮ ከፊት በበርጩማው ላይ። በርጩማዋን ከቤት ተሸክማ ያመጣችለት ራሷ ሠዓሊዋ ናት። ሥዕሎቹ ሲታዩ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ያቺ የኔ ድስት ናት! ጆሮዋ ጠማማዋ!» «አንቺን አስውባሻለች፣ ከፍለሻት ነው?» አባ ጆሮ የራሱን ሥዕል ሲያይ የልጁን እጅ ጨበጠ። ያን ጊዜ ቢያልቅ ኖሮ!

ልትጫወት የወጣችው የሬዲዮ የልጅ ልጅ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ የሰባት ዓመት ልጅ። የመጀመሪያዋን መታች፤ ቅን አለ። አረንጓዴውን ተጫነች። «ደህና ናት» አለ የአባ ጆሮ ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋን መታች። ጠፍ። በዚያ መንደር የአራት ዓመት ሕፃንም የሚለየው ድምፅ ነው። ልጅቷ ሳታመነታ ቀዩን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ትልቅ የስህተት ምልክት ወጣና ያ ድምፅ ረጋ ብሎ «ደህና ናት» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። «ኧረ ታማለች!» አለች ልጅቷ። አራተኛዋ፣ ጠፍ። ቀይ። «ደህና ናት።» አምስተኛዋ፣ ጠፍ። ልጅቷ በሁለት እጇ ቀዩን መታችው። «ደህና ናት።»

«አያቴ፣ ይሄ ጨዋታ ይዋሻል!»

ከትልልቆቹ መካከል የሳቀ የለም። መርፌ የጠፋባቸው ይመስል ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሠዓሊዋ ክው ብላ ቆመች። መጀመሪያ የመጣላት ቁልፎቹን አገላብጠዋቸዋል የሚል ነው፤ ነገር ግን ያ የአባቷ ድምፅ ነው፣ እሷ ራሷ ናት የቀዳችው። ያን ጊዜ ሬዲዮ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«መሣሪያው ነው! የከተማ ዕቃ ድሮስ! የኔም ስልክ ትናንት ልጄ ጋ ስደውል ለማላውቀው ሰው ደውሎ፣ ሰውየውም እንዴት ዋልሽ ብሎኝ፣ እኔም ደህና ብዬ…»

ለፈለፈች። የሚያቋርጣት አልነበረም፤ በዕድሜዋ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ዝም እንዳትል የሚለምናት ይመስል ነበር። አባ ጆሮ ግን የሚያየው ሌላ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆኑ ልጁ አስረድታዋለች። ልጅቷ ቀዩን ስትጫን፣ የስህተት ምልክቱ ሲወጣ፣ ሦስት ጊዜ አየ። ዞሮ እህቱን አያት። እህቱ ሁለት እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ አንገቷን ደፍታለች።

ተነሳ። «ሬዲዮ፣ ተዪ በቃ» አለ በቀስታ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ወጣ። ገሉ ከእግሩ ሥር ሲንኮሻኮሽ እስከ ቤቱ ድረስ ተሰማ። በርጩማዋ እዚያው ቀረች።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሠዓሊዋ የሥዕል ደብተሯን ገለጠች። ለምን እንደገለጠችው አታውቅም፤ እጇ ሄደ። አሥራ ሁለቱ የአክስቷ እጆች። በአንዳንዱ ሥዕል የአክስቷ አውራ ጣት ከሸክላዋ አፍ ውጭ ነው፤ በአንዳንዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። አውራ ጣቱ ውጭ ከሆነ ሥር «ደህና ናት» ይላል። ውስጥ ከሆነ «ታማለች»። አሥራ ሁለቱም እንዲሁ። በገዛ እጇ የሳለችው ነው፤ ምንም አያመልጠኝም ብላ የምትመካበት ዓይኗ አይቶታል፤ እሷ ግን አላየችም።

አክስቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር።

«ስንት ጊዜው ነው?» አለች ሠዓሊዋ ሳትዞር።

«ሦስት ዓመት። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ጠፋበት። የወፍ፣ የሸክላ። ወፍራሙ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፤ የቀረውን ከከንፈር ይለቅማል።»

«ስልክ የማያነሳውስ?»

«ስልክ ከንፈር የለውም ልጄ።»

ሠዓሊዋ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ በቂም ስታማው ኖራለች። በሆዷ ስትወቅሰው፣ ለጓደኞቿ «አባቴ ግትር ነው» ስትል። እንባዋ ደብተሩ ላይ ወርዶ የአንዱን እጅ እርሳስ አደበዘዘው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኛል። ‹ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እንዳትነግሪያት› አለ። እኔም እሺ አልኩ፤ አውራ ጣቴን ሰጠሁት።»

«ሰዉስ?»

አክስቷ ሳቅም ሳልም የመሰለ ነገር አወጣች። «ሰው ዕውር ነው እንዴ? በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ሳል ያዘኝና አውራ ጣቴ ሳላስበው ገባ። ቅን የምትል ገንቦ ነበረች፣ ውሃ የመሰለች። ‹ታማለች› አለ። ሁሉም ሰምቷል። የማን ነበረች መሰለሽ? የሬዲዮ። እኔ ደርቄ ቀረሁ፣ አሁን ጉድ ፈላ አልኩ። ሬዲዮ ገንቦዋን ተቀበለችና እዚያው ሰበረቻት። ያቺን የመሰለች ደህና ገንቦ! አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረችም። ሬዲዮ እኮ ናት!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ምስጢሩ በእሱና በእህቱ መካከል ያለ የመሰለው አባ ጆሮ ብቻ ነበር፤ መንደሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሰልፎ ደብቆለታል። ይህን ሁሉ ሠዓሊዋ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በነጭ አንሶላ ላይ አሰጣችው።

ቤት ስትገባ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ተንበረከከችና ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ «ጥፋቱ የኔ ነው አባዬ» አለች።

«የጥፋት ነገር አይደለም።» ጉልበቱን አሻሸ። «ሁሉም ያውቁ ነበር አይደል?»

ዓይኗን ሰበረች። እሱም ከፊቷ አነበበው።

«ስለዚህ እስከ ዛሬ የዳኘሁት ለይስሙላ ነው» አለ። «ሥራሽን ጨርሺ።»

ሥራዋ አልጠበቃትም። መውጫው ቀን ደርሷል፣ አለቃዋ በቀን ሁለቴ ይደውላል። አክስትና የወንድም ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሃያ አራቱን ድምፆች እንደገና ሰሙ። አክስቷ ትፈርዳለች፣ ሠዓሊዋ ታርማለች። ከሃያ አራቱ ዘጠኙን ስቷል። ማረሙ ከባድ አልነበረም፤ ከቀዳችለት አምስት «ታማለች» እየገለበጠች በየቦታው ተካች፣ ትርፉን «ደህና ናት» ጣለች። ሲያልቅ አባ ጆሮ አንድም ሳይሳሳት የሚፈርድ ዳኛ ሆነ። ለዚህ ሥራ እያንዳንዷን ሸክላ ምናልባት መቶ ጊዜ ሰምታታለች፤ በእንቅልፍ ልቧም ቅንና ጠፍ ይሏታል። «የአባትሽ ድምፅ ወርቅ ነው!» አለ አለቃዋ በስልክ። «አመስግኚልኝ።» እሺ አለች። አላመሰገነችለትም።

አባ ጆሮ በነዚያ ቀናት ከጓሮው አልወጣም። አንድ ጠዋት በመስኮት ስታየው እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልነካውን ጭቃ እያቦካ! ደስ አላት፤ ተጽናና ማለት ነው አለች። ያወጣት ማሰሮ ትንሽ ናት፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች። እንድትደርቅ ያስቀመጣት ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። ሠዓሊዋ አየችና አዘነች። ይህንንም ረስቶታል ብላ ዝም አለች።

የሚቀጥለው እቶን ሲከፈት ሠዓሊዋ ልትሄድ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ማግስቱን ጠዋት ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ ወትሮው ተሰለፉ። አክስቷ በርጩማዋን ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። አባ ጆሮ አልወጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ ማንም ከሰልፉ አልወጣም፣ ማንም አልጠራውም።

«ተቀመጪ» አለች አክስቷ።

«እኔ?»

«ሸክላ አትሠሪ። ያንን ድምፅ ደግሞ እስኪያንገፈግፍሽ ሰምተሻል። ሌላ ማን አለ?»

«ነገ እኮ እሄዳለሁ እትዬ።»

«የዛሬን ዳኝተሽ ሂጂ።»

ተቀመጠች። በርጩማዋ አባቷ የተቀመጠባትን ሠላሳ ዓመት ይዛ መሐሏ ጎድጉዷል። የመጀመሪያዋን መታች፤ ቅን። «ደህና ናት» አለች፤ ድምጿ ቀጠነባት። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። አራተኛዋ የሬዲዮ ድስት ነበረች፤ ጠፍ። ሠዓሊዋ ወደ አክስቷ አውራ ጣት አየች። ውጭ ነው፤ ሁሉም ላይ ውጭ ነው።

«ለአንቺ አላግዝም» አለች አክስቷ።

«ታማለች» አለች ሠዓሊዋ።

«እኔም ከትናንት ጀምሮ ጠርጥሬያታለሁ፣ እሳቱ ውስጥ ስትንጫጫ ነበር» ብላ ሬዲዮ ድስቷን ሰበረችና የእሳቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ያን ጊዜ የቤቱ በር ተከፈተ። አባ ጆሮ ያቺን ጠማማ ማሰሮ ታቅፎ ወጣ። እሷም ከሌሎቹ ጋር እሳት ውስጥ የነበረች መሆኗን የማያውቅ የለም። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ እሱ ግን እጁን አወዛወዘና ከሰልፉ መካከል፣ ሁለት ሴቶች ቦታ ከከፈቱለት ዘንድ ቆመ። እንደ ማንም ሰው ተራውን ጠበቀ። ሲደርስ ማሰሮዋን ለእህቱ አቀበለና ከልጁ ፊት ቆመ።

ሠዓሊዋ መታች።

ጠፍ አለች።

ሁሉም ሰማ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች። አባቷ ዓይኑን ከፊቷ ላይ ተክሏል፤ ልክ በዕቃ ቤቱ ውስጥ እንዳያት። አሁን ገባት፤ ፈገግ ማለት ብቻ ይበቃል። መንደሩ ሁሉ ያደረገለትን ነገር፣ ሬዲዮ ደህና ገንቦዋን ሰብራ ያደረገችውን፣ እሷ በአንድ ፈገግታ ልታደርግለት ትችላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የሠራት ብቸኛ ማሰሮ ናት። ከዚያ ከንፈሯን ጥርት አድርጋ፣ እንዳይሳሳት ቀስ ብላ ተናገረች።

«ታማለች አባዬ።»

አባ ጆሮ ትከሻው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«አውቃለሁ» አለ። «ሆን ብዬ ፀሐይ ላይ ነው ያደረቅኳት። አንቺም እንደነሱ ትሸነግዪኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ማሰሮዋን ከእህቱ እጅ ተቀበለ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ደረቱ ድረስ አነሳትና ለቀቃት፤ መንገዱ ላይ ወድቃ ተከሰከሰች፤ አንድ ገል እስከ ሠዓሊዋ እግር ድረስ ተንከባለለ። እሱ ጎንበስ ብሎ ስብርባሪዎቹን አያቸው።

«ጮኸች?» አለ።

ሠዓሊዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥሩ» አለ አባ ጆሮ። ገሎቹን በእግሩ ወደ መንገዱ መሐል ገፋ ገፋ አደረገና ቤቱ ገባ። ከኋላው የነበረችው ሴት ገንቦዋን ለአክስቷ አቀበለች። ሠዓሊዋ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ጣቷን አነሳች።